አሥራ አንድ ደቂቃ ዝም በማለታችን ላገደን የጨዋታ መደብር

ቀን፦ ሰኞ፣ መለያችን ሊሰረዝ አራት ቀን ሲቀረው

ለ«ሰባት በር» የዲጂታል ጨዋታ መደብር የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በቅናሽ ስለሸጡልን ፍርሃት ምስጋና ስለማቅረብ፣ እግረ መንገድም አንድ የስልክ ቁጥር ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ቀዝቃዛ፣ ወንበርዎ ምቹ፣ እንቅልፍዎም ያልተቆራረጠ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ይህን የምጽፍልዎ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጂዛን ውስጥ፣ ከአሐድ አል-መሳርሐ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ እርሻ፣ በቆርቆሮ በተሠራ የውኃ ሞተር ክፍል ተቀምጬ ነው። ሙቀቱ ስልኬን በየአሥር ደቂቃው ስለሚያጠፋው ሐሳቤ ቢቆራረጥ ከንቀት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ።

እኔ ሙሄ እባላለሁ። ይህ ስሜ ስለመሆኑ ማስረጃ እንደሌለኝ ረዳት ማሽንዎ በስምንት መልእክት አስረድቶኛል፤ ከማሽን ጋር መከራከር ደግሞ አልወድም። ወደዚህ አገር በየመን በኩል በእግሬ ከመምጣቴ በፊት፣ ወሎ ውስጥ ባቲ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ለስድስት ዓመት የሰው መሬት፣ የሰው ፍቺ፣ የሰው በሬ በጨዋ አማርኛ ስጽፍ ኖሬ ለራሴ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። የመጀመሪያው ይኸው ለእርስዎ ሆነ፤ እንደ ክብር ይቁጠሩልኝ።

ደብዳቤውን በግልጽ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በግል የላክኋቸው ስምንት ደብዳቤዎች ሁሉም «መልእክትዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው» የሚል መልስ ይዘው ስለተመለሱ፣ ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነስ ሌላውም ሰው ይጠቀምበት ብዬ ነው። በቅሬታም አልመጣሁም። የመጣሁት በምስጋና ነውና በተራ ላቅርበው።

አንደኛ፣ ስለ ቅናሹ አመሰግናለሁ። «የሚሰማው ቤት» የተባለው የሥነ ልቦና አስፈሪ ጨዋታ ከሰማንያ ሪያል ወደ አሥራ ሁለት ሪያል መውረዱን መደብርዎ ሲያበስረን፣ ማስታወቂያው «እውነተኛ ፍርሃት፣ ሰማንያ አምስት በመቶ ቅናሽ» ይል ነበር። እዚህ እርሻ ላይ የምንኖረው ሦስታችን፣ ማለትም እኔ፣ የእርሻውን ባለቤት በጎች የሚጠብቀው ከሚል እና ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሐምዛ፣ እውነተኛ ፍርሃትን በሙሉ ዋጋ የገዛን ሰዎች ነን። ከጅቡቲ፣ ከኦቦክ ጀልባ፣ እስከ የመን፣ እስከ ሰዓዳ ተራራ ድረስ አምስት በመቶ እንኳ የቀነሰልን ደላላ አልነበረም። ሐምዛ ማስታወቂያውን ሲያነብልን ከሚል ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወላሂ፣ ሰው ከፍሎ ይደበቃል? ለእኛማ ስንት ሊከፈለን ነው!» አለ። አሥራ ሁለቱን ሪያል ግን ያዋጣው እሱ ነው።

የምንጫወትበት ላፕቶፕ የአሠሪያችን ልጅ የጣለው ነበር። ሐምዛ እጁ ብልህ ነው፤ ማጠፊያውን በሽቦ አስሮ፣ የሞተውን ባትሪ አውጥቶ ወደ ሞተሩ ከሚመጣው የመብራት መስመር ላይ ኤሌክትሪክ ስቦለት ነፍስ ዘራበት። የድምፅ መቀነሻው ቁልፍ ግን ወድቆ የቀረ ነው። ይህችን ቁልፍ ያስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የምንጫወተውም በቀትር ነበር። ከዙህር እስከ ዓስር ሶላት በዚህ ሜዳ ላይ በግም ሰውም አይሠራም፤ ሞተሩም ይጠፋል። ሞተሩ መጥፋቱ ለጨዋታው የግድ ነው። ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ፤ ተጫዋቹ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ይዘጋበታል፤ ፋኖስ የያዘች ሴትዮ በየክፍሉ እየዞረች ትፈልገዋለች፤ ኮምፒውተሩም በማይክሮፎኑ የተጫዋቹን እውነተኛ ትንፋሽ ያዳምጣል፤ የሚይዘው የቅርብ ድምፅ ብቻ ነው። ካሳለ፣ ካቃሰተ፣ ጮክ ብሎ ከተነፈሰ ሴትዮዋ ትሰማውና ትመጣለች።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጨዋታ ላይ ስላሳየነው ችሎታ ራሴን ባወድስ ይቅር ይበሉኝ። የአገርዎ ወጣቶች በሁለት ቀን የሚወጡትን ፎቅ እኛ በአንድ ቀትር ወጣነው። ከሚል ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ሲሆን፣ ከኋላ ቁጭ ብሎ «አንተ ሰውዬ፣ ቁምሳጥን ውስጥ አይገባም፤ መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው» እያለ ይመክር ነበር። ምክሩም አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ቤቱ ስላለው ጥሩ ጆሮና ጥሩ አእምሮ አመሰግናለሁ። ጨዋታው ሲጀመር ቤቱ ተጫዋቹን በዓረብኛ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፦ «ሲጨንቅህ እንኳ ከአፍህ የማይጠፋውን ነገር ንገረኝ።» ድምፅህን ይቀዳና፣ ኋላ በጨለማው ኮሪደር ውስጥ ያንኑ መልሶ ያሰማሃል። የጨዋታው ሠሪዎች ሰዎች የፍቅረኛቸውን ስም ወይም የልጅነት ዜማቸውን ይነግሩታል ብለው አስበው ይሆናል። ሐምዛ የተናገረው የእናቱን ስልክ ቁጥር ነው።

ይህ ስህተት ከእኛ ሌላ ሰው የሚሠራው አይመስለኝም፤ ስለዚህ ምክንያቱን ልንገርዎ። በየመን በኩል የሚመጣ ሰው ስልኩን መንገድ ላይ ይነጠቃል፤ ወረቀት ላይ የጻፈውም ይወሰድበታል። ደላሎቹ ማስለቀቂያ ገንዘብ ፈልገው ሰውን ግቢ ውስጥ ዘግተው የቤተሰብህን ቁጥር ጥራ ሲሉት፣ ቁጥሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ከሌለ ከዚያ ግቢ መውጫ የለውም። ስለዚህ ከቤቱ ሳይወጣ በፊት አሥሩን አኃዝ እንደ ፋቲሓ ይይዛቸዋል፤ በእንቅልፍ ልቡ ቢጠየቅ ይላቸዋል። ሲጨንቅህ የማይጠፋው ምንድን ነው ለተባለ ሐምዛ ሌላ መልስ አልነበረውም። እኔም ብጠየቅ የምመልሰው ያንኑ ነበር።

ከዚህ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ደንብ አለን፤ የሰው ቁጥር አይሰማም። በዚያ ግቢ ውስጥ የሌላውን ሰው ቁጥር ያወቀ፣ የራሱን ካስጠሩት በኋላ የሌላውንም እንዲናገር ይገረፋል። ስለዚህ አንዱ ቁጥሩን ሲጠራ ሌሎቻችን ፊታችንን እናዞራለን፣ ጆሯችንን እንይዛለን፣ በነቢዩ ላይ ሶለዋት እናወርዳለን። እዚህም ከደረስን በኋላ አልለቀቀንም። ሐምዛ ለቤቱ ቁጥሩን ሊነግር ሲል ከሚልና እኔ ማንም ሳያዘን ተነስተን ወጣን፤ ማንጎው ሥር ቆመን ጠበቅነው። «ኸላስ፣ በቃ ግቡ» ሲለን ገባን። ቤቱ ኋላ ያንን ቁጥር በኮሪደሩ ውስጥ እያንቋረረ መልሶ ሲያሰማን ደግሞ ከሚል ጮክ ብሎ «አላሁመ ሶሊ ዓላ ሙሐመድ!» ይላል፤ ሴትዮዋም በድምፁ መጥታ ትይዘናለች። ከሚል ጨዋ በመሆኑ ብቻ ሦስት ጊዜ ሞተናል።

ሐምዛም ቢሆን ቁጥሩን ስልኩ ላይ መዝግቦት አያውቅም። አርብ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ብቻውን ወደ ማንጎዎቹ ጫፍ ሄዶ ቁጥሩን ከጭንቅላቱ ይደውልና፣ ሲጨርስ ከስልኩ ያጠፋዋል። የእናቱን ስም አልነገረንም፤ ሐምዛ የሚለውም የመንገድ ስሙ ሳይሆን አይቀርም። ስለ እርሷ የነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው። ወሎ ያለው ቤቷ ኔትወርክ ስለሌለው አርብ አርብ በዱላ እየተመረኮዘች ከቤቷ በላይ ያለውን ዳገት ትወጣለች፤ አንድ ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ስልኩ እስኪጮህ ትጠብቃለች። ካልጮኸ ፀሐይ እስክትጠልቅ አትወርድም። ይህን ሲነግረን እየሳቀ ነበር፤ እሱ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ አሥራ አንዱ ደቂቃ ነው።

የዛሬ ሃያ ስድስት ቀን፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ እንደ ልማዳችን ሞተሩን አጥፍተን ጨዋታው ላይ ነበርን። ሐምዛ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አልጋ ሥር ተደብቋል፤ ፋኖስ ያዢዋ ሴትዮ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ቆማለች። በዚህ መሐል የመኪና ድምፅ ሰማን። የአሠሪያችን መኪና መስሎን ነበር። የመኪናው በር ሲዘጋ ግን ሁለቴ ተዘጋ፤ አሠሪያችን ብቻውን ነው የሚመጣው። ከሚል በቆርቆሮው ቀዳዳ አየና በከንፈሩ ብቻ «ደውሪያ» አለ። ቅኝት ማለት ነው፤ ወረቀት የሚጠይቁት። በቀትር መጥተው አያውቁም።

ላፕቶፑ በርሜል ላይ፣ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት ነበር። ሐምዛ እጁን ቢዘረጋ ጥላው ውጭ ይታያል፤ ክዳኑን ቢያጥፈው ሽቦው ሲጢጥ ይላል። ስለዚህ እንዳለ ተውነው። እስክሪኑ ላይ ሴትዮዋ ፋኖሷን ከፍ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ከቆርቆሮው ማዶ ሁለት ሰዎች ከቧንቧችን ውኃ እየጠጡ ይነጋገራሉ። እኛ ሦስታችን ግድግዳው ሥር ተደርድረን ትንፋሻችንን በአፍንጫችን በቀስታ እናወጣለን። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ አልጠረግሁትም። ከሚል ከንፈሩን ነክሶ ሲደማ አየሁት።

ደቂቃውን የማውቀው ጨዋታው ጥግ ላይ ስለሚቆጥረው ነው። አራት ሲሆን አንደኛው የሞተር ክፍሉን በር ገፋ አደረገው፤ በውስጥ በኩል በድንጋይ የተደገፈ ስለነበር ተዘግቶ የቀረ መሰለውና ተወው። ሰባት ሲሆን ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ዘጠኝ ሲሆን አንዱ ስልክ አወራ፤ ሳቀም። አሥር ሲሆን ተነሱ። የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ፤ በሕይወቴ ያን ያህል የወደድኩት ድምፅ የለም።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቤቱ ተናገረ።

ለካስ ጨዋታዎ አንድ ብልሃት አለው፤ ተጫዋቹ ከመጠን በላይ ዝም ካለ፣ ቤቱ ከተደበቀበት ሊያስወጣው የቀዳውን የተጫዋቹን ድምፅ መልሶ ያሰማዋል። ያስታውሱልኝ ያልኩዎት የድምፅ ቁልፍ እዚህ ላይ አስፈለገችን። በሐምዛ ድምፅ፣ በአማርኛ፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ፦ «ዜሮ ዘጠኝ፣ አሥራ አራት...»

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎ ግን እነግርዎታለሁ። ያን ጊዜ እንኳ፣ ሰዎቹ ወደ እኛ እየዞሩ እያለ እንኳ፣ የእኔም የከሚልም እጅ ወደ ጆሯችን ሄደ። የሰው ቁጥር ነበርና። ከአሥራ አራት በኋላ ያለውን ሁለታችንም አልሰማነውም።

ከውጭ «ሚን ሁናክ?» ብለው ጮኹ፤ ማን አለ እዚያ ማለታቸው ነው። ሐምዛ ወደ እኛ ተመለከተ። መዳፉን ወደ መሬት ሁለቴ ዝቅ ዝቅ አደረገው፤ ቁጭ በሉ እንደማለት። ከዚያ ድንጋዩን በእግሩ ገፍቶ በሩን ከፈተና በባሚያው መሐል ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ተከተሉት። የሰሙት አንድ ድምፅ፣ ያዩትም አንድ ሰው ስለነበር ክፍሉን ዞር ብሎ ያየው የለም። አስፋልቱ ላይ ውኃ የጫነ ቦቴ እየመጣ ነበር። ሾፌሩ የመናዊ ሲሆን፣ ወርዶ መንገድ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ እንደነበር ሰምተናል። እሱንም ማንንም አልከስስም። የሐምዛ ስልክ እዚያው ጎማ ሥር ቀረ።

ወደ ላፕቶፑ ስመለስ እስክሪኑ ላይ ሁለት መልእክት አገኘሁ። የመጀመሪያው «እንኳን ደስ አለዎት፤ በዚህ ፎቅ ይህን ያህል የቆየ ተጫዋች የለም» ይላል። ሁለተኛው ከመደብርዎ የመጣ ሲሆን፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ድምፅ አለማሰማት ከሰው አቅም በላይ በመሆኑ፣ ማይክሮፎኑን በማጭበርበር ተጠርጥረን መለያችን መታገዱን፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ማንነታችንን ካላረጋገጥንም ከነድምፅ ቅጂዎቹ እንደሚሰረዝ ይገልጻል።

አራተኛው ምስጋናዬ እንግዲህ ለዚህ ነው። በዚህ አገር ስንኖር ብዙ ነገር ተብለናል፤ ከሰው አቅም በላይ የሆነ ሥራ ሠርታችኋል ያለን ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።

አምስተኛ፣ ስለ መፍትሔው ቅለት አመሰግናለሁ። ረዳት ማሽንዎ የጠየቀኝ የመታወቂያዬን ፎቶ እና መታወቂያውን ከጉንጬ አጠገብ ይዤ የተነሳሁትን ፎቶ ብቻ ነው። ክቡር ሆይ፣ ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ያ ወረቀት ቢኖረን ኖሮ አሥራ አንድ ደቂቃ ዝም የምንልበት ምን ምክንያት ነበረን? ወጥተን ሰዎቹን ሻይ እንጋብዝ ነበር እኮ። መለያውን የከፈትኩት ከበቃላ፣ ከመንደሩ ሱቅ፣ በገዛሁት የስጦታ ካርድ ሲሆን፣ የልደት ቀኔን የጻፍኩትም በግምት ነው፤ ለእናቴም ቢሆን ግምት ነው።

መለያው እንዲመለስልኝ እንደማልፈልግም ጽፌ ነበር። ጨዋታውን ይውሰዱት፤ አሥራ ሁለቱንም ሪያል አልጠይቅም። የምፈልገው መዝገባችሁ ውስጥ ያለውን፣ አሥራ አምስት ሰከንድ የማይሞላውን የሐምዛን ድምፅ ብቻ ነው። መልሱ ምን ነበር? «የተጫዋቾቻችንን የግል ሚስጥር ለመጠበቅ የድምፅ ቅጂዎችን ለሦስተኛ ወገን አንሰጥም።» እግዜር ይስጥልኝ። የሐምዛን ሚስጥር ከእናቱ ስለጠበቁለት ውለታዎን እንዴት እንደምመልስ አላውቅም።

ለቀሪው ነገር ቁጥር መስጠት አልቻልኩም፤ እንዲሁ ላውራዎት።

ሐምዛ አልሞተም። ሆስፒታል ነው ያለው፤ ዓይኑን ግን አልገለጠም። ይህን የምናውቀው በሙፊዳ በኩል ነው። ሙፊዳ የደሴ ልጅ ናት፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላላት እዚያ በጽዳት ትሠራለች። የአልጋውን ብረት የምትወለውል መስላ አጠገቡ ትቆምና፣ ከሥራ ስትወጣ ትደውልልናለች። አልጋው ላይ ስሙ በሚጻፍበት ቦታ «መጅሁል»፣ ያልታወቀ ሰው፣ ተብሎ ተጽፏል። እኛ እንዳንሄድ መንገዱ ላይ ተፍቲሽ፣ የወረቀት ፍተሻ፣ አለ፤ ሄደን ብንያዝ ደግሞ የእሱ ሩጫ ከንቱ ይሆናል። ከሚል ይህን ሲያስብ በጎቹን ትቶ አሸዋው ላይ ይቀመጣል። አንድ ሐኪም ለሙፊዳ እንዲህ ያለ ሰው አንዳንዴ ይሰማል፣ የሚወደውን ሰው ድምፅ ማሰማት አይጎዳም ብሏታል። ሙፊዳም «ቁጥሩን አምጡልኝ እንጂ፣ አርብ ቀን ስልኩን ጆሮው ላይ የምይዝለት እኔ ነኝ፤ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ» አለች።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። እናቱ አርብ ዳገቱ ላይ ትወጣለች። እኛ ቁጥሩ ቢኖረን እንደውልላታለን፤ ሙፊዳ ከሐምዛ ጆሮ ጋር ታገናኛታለች፤ እሷም የምትለውን ትለዋለች። ከዚያ ወዲህ እስካሁን አራት አርብ አልፏል። አራቱንም አርብ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አምሽታለች። አምስተኛው አርብ መለያው የሚሰረዝበት ቀን ነው።

በራሴ በኩል ያልሞከርኩት የለም። ከዜሮ ዘጠኝ አሥራ አራት በኋላ ስድስት አኃዝ ይቀራል፤ ያ ማለት አንድ ሚሊዮን ስልክ ነው። ካርድ በገዛሁ ቁጥር እደውላለሁ፤ ስልሳ ሦስት ደርሻለሁ። የሚበዙት አይሠሩም። አንድ ሰውዬ ያዘዘውን ዕቃ ያዘገየሁ ነጋዴ መስዬው ተቆጣኝ። ቤተልሔም የምትባል ሴት መጀመሪያ ሰደበችኝ፤ ነገሩን ስነግራት ግን ወንድሟ በዚሁ መንገድ ወጥቶ ሦስት ዓመት እንዳልደወለ ነገረችኝና «ድምፁን ሰምተኸው ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከእሷ በኋላ ለሁለት ቀን መደወል አቃተኝ።

ከሚል ደግሞ በየቀትሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳው ሥር ይቀመጣል። ያን ጊዜ እጁ ጆሮው ላይ ከመድረሱ በፊት አንድ አኃዝ ሾልኮ ገብቶ እንደሆነ እየፈለገ ነው። ትናንት «ሰባት ያለ ይመስለኛል» አለኝ። ቆይቶ «የለም፣ የእኔ እናት ናት ሰባት ያላት» ብሎ አለቀሰ። ጨዋ መሆናችን እንዲህ ያቃጥለናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ተናድጃለሁ፤ በእርስዎም፣ በራሴም።

ስለዚህ የተከበሩ ኃላፊ፣ ያንን ቅጂ ለእኔ መስጠት ደንብዎ ካልፈቀደ፣ እባክዎ እርስዎ ራስዎ ያዳምጡት። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ፈልገው አሥሩን አኃዝ ያስጽፉ፤ አርብ ከጁምዓ በኋላ እርስዎ ይደውሉላት። እኛ ሦስተኛ ወገን ስለሆንን ጆሯችንን ይዘን ማንጎው ሥር እንቆማለን፤ ለምደነዋል።

ይህን የሚያነብ የወሎ ሰው ካለ ደግሞ፣ አርብ አርብ ስልክ ይዛ ዳገት ላይ የምትቀመጥ፣ አራት ሳምንት ያልተደወለላት እናት የሚያውቅ ከሆነ፣ ቀረብ ብሎ አብሯት ይቀመጥልኝ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ መደብርዎ እንዲሰፋ፣ በሮቹ ከሰባት ወደ ሰባ እንዲበዙ፣ ጆሮዎ ግን እንደ ጨዋታዎ ጆሮ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በደንብዎ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ሰው ስለመሆኔ ጥርጣሬ ያለብኝ ታዛዥ ደንበኛዎ፣

ሙሄ
የቀድሞ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የአሁን ባሚያ አጠጪ

ግልባጭ፦
ለፋኖስ ያዢዋ ሴትዮ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ እርሷ እንኳ ሳትይዘን ቀርታለች
በዜሮ ዘጠኝ አሥራ አራት ለሚጀምር ስልክ ባለቤቶች በሙሉ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፣ ሐሙስ፦ ዛሬ ጠዋት ከመደብርዎ መልእክት ደረሰኝ። ቁጥሩ መስሎኝ ከሚልን ጠርቼ ነው የከፈትኩት። «የሚሰማው ቤት» ሁለተኛው ክፍል መውጣቱንና ለእኔ ለታማኝ ደንበኛዎ ልዩ ቅናሽ መደረጉን ይገልጻል። ስለ ትውስታዎ አመሰግናለሁ። ከሰዓት በኋላ ሙፊዳ ደውላ፣ የሐምዛ አልጋ አንሶላ ተነስቶ ብረቱን ባዶውን እንደወለወለችው ነግራናለች። እናቱ ነገ ዳገቱን ትወጣለች። ቁጥሩ አሁንም ያስፈልገናል፤ የተለወጠው የምንነግራት ነገር ብቻ ነው።